‹እንዴት አወቅህ?›፦ የትንንሽ ልጆችን ሳይንሳዊ ማመዛዘን ስንፈትን

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ‹የውሃ ሦስቱ ሁኔታዎች ምን ምን ናቸው?› ሲባል ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ ብሎ ሳያዛንፍ ይቆጥራል። ጥያቄው የለካው ማስታወሱን ነው። ማስታወስ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ስሕተቱ በዚያ ውጤት ‹ይህ ልጅ ሳይንስ ላይ ጎበዝ ነው› ብለን ስንፈርድ ነው። ያየውን ከገመተው መለየት፣ ሁለት ነገር ሲያነጻጽር ሌላውን ሁሉ እኩል ማድረግ፣ ማስረጃው ሳይበቃ ‹አይታወቅም› ብሎ መቆም በቃል አይጠናም። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ባለ ልጅ ላይ ግን ሊለካ ይችላል።

ከዚህ በታች ያለው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች የሚሆን፣ ለአንድ ልጅ 15 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ፈተና ነው። ዕቃው ከቤትና ከሱቅ ይገኛል። ፈተናውን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ግን ዕቃው ሳይሆን የጠያቂው አፍ ስለሆነ፣ ቃሉ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ያስተዋወቀውን የረድፍ ፈተና ብዙ መምህር በኮሌጅ ተምሮታል። 6 ቆርኪ በአንድ ረድፍ፣ 6 ቆርኪ ከሥሩ ትይዩ ይደረደራል። ‹እኩል ናቸው?› ይባላል፤ ልጁ ‹አዎ› ይላል። ከዚያ አንደኛው ረድፍ ተዘርግቶ ይረዝማል፤ ያው ጥያቄ ይደገማል። ብዙ ትንንሽ ልጆች አሁን ‹ይሄኛው ይበዛል› ይላሉ። ድምዳሜው ‹ልጁ ቁጥር እንደማይለወጥ ገና አልገባውም› ነበር። በ1974 ተመራማሪዎቹ ጄምስ ማክጋሪግልና ማርጋሬት ዶናልድሰን ረድፉን በጠያቂው እጅ ከመዘርጋት ይልቅ አንድ ‹ባለጌ› የአሻንጉሊት ድብ መጥቶ እንዲያዛባው አደረጉ፤ ትክክል የመለሱት ልጆች ቁጥር በጣም ጨመረ። በ1984 ደግሞ ጁዲት ሳሙኤልና ፒተር ብራያንት የመጀመሪያውን ጥያቄ ትተው፣ ከተዘረጋ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጠይቁ ስሕተቱ ቀነሰ።

ነገሩ ለእኛ ልጆች የባሰ ነው። ታላቅ ሰው አንድ ጥያቄ ሁለቴ ከጠየቀ ‹የመጀመሪያው መልስህ ልክ አልነበረም› ማለቱ እንደሆነ ልጁ ከቤቱ ያውቃል። በዚያ ላይ በአማርኛ ሁለተኛውን ጥያቄ የምንጠይቀው ‹አሁንስ?› ብለን ነው። ያቺ ‹ስ› ብቻዋን ‹አንድ ነገር ተለውጧል› ትላለች። ልጁ የቆርኪውን ቁጥር ሳይሆን የእኛን ‹ስ› ሰምቶ ይመልሳል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አንድ ጊዜ፤ አልሰማሁም ካለ ደግሞ ያንኑ ቃል ሳይለውጡ፣ በዚያው ድምፅ መድገም።

‹ለምን?›ም እንዲሁ ነው። ‹ለምን ይሄን መረጥህ?› በአማርኛ ግማሽ ቁጣ ነው፤ ‹ለምን አረፈድህ?› ከሚለው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ልጁ ምክንያት ከመስጠት ይልቅ መልሱን ይለውጣል ወይም አንገቱን ይደፋል። ‹እንዴት አወቅህ?› ይሻላል። ከሱም የተሻለው ‹ጓደኛህ ይሄን አላየም፤ ምን ብለህ ታስረዳዋለህ?› ነው፤ ልጁ ሲያስረዳ የበላይ ስለሚሆን አፉ ይፈታል።

ምርጫ ሲቀርብ ትንሽ ልጅ መጨረሻ የሰማውን የመያዝ ዝንባሌ አለው። ‹ትልቁ ነው ወይስ ትንሹ?› ሲባል ‹ትንሹ› ይላል፤ ምክንያቱም እሱ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ግማሾቹን ልጆች ‹ትልቁ ወይስ ትንሹ›፣ ግማሾቹን ‹ትንሹ ወይስ ትልቁ› ብሎ መጠየቅ፤ የትኛው እንደተባለም ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግ። ‹አዎ› ወይም ‹አይደለም› የሚያስብሉ ጥያቄዎች ከናካቴው ቢቀሩ እመርጣለሁ፤ ልጆች ለአዋቂ ‹አዎ› ማለት ይቀናቸዋል።

ሁለት ቃላት ደግሞ ለብቻቸው ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፦ ‹ከባድ› እና ‹ቀላል›። ስለሚሰምጥና ስለሚንሳፈፍ ነገር ስትጠይቁ ‹የትኛው ይከብዳል?› ብትሉ፣ ልጁ ‹የትኛው ያስቸግራል?› ብሎ ሊሰማ ይችላል። ዕቃዎቹን እጁ ላይ አስቀምጡና ‹እጅህን ወደ ታች የሚጫነው የትኛው ነው?› በሉት።

‹ጎበዝ!› እና ‹አጨብጭቡለት› ለክፍል እንጂ ለፈተና አይሆኑም። ለሦስት መልስ ‹ጎበዝ› ተብሎ ለአራተኛው ዝም የተባለ ልጅ አራተኛውን ይለውጣል። ለሁሉም መልስ፣ ለተሳሳተውም፣ አንድ ‹እሺ› ይበቃል። ዝም ካለ በሆዳችሁ እስከ 7 ቁጠሩ። ከዚያም ካልመለሰ ዜሮ አትስጡት፤ ‹መልስ የለም› ብላችሁ ለብቻው መዝግቡ። ዝምታና ስሕተት አንድ ሳጥን ውስጥ ከገቡ ዓይን አፋሩ ልጅ ሁልጊዜ ደካማ መስሎ ይወጣል።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት ‹አይታወቅም› የሚባል መልስ እንዳለ ልጁ መማር አለበት፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ‹አይታወቅም› የሚል ተማሪ ተሸልሞ አያውቅምና። ሁለት የቡና ሲኒ ድፉ፤ በካርቶን ከልላችሁ አንዱ ሥር ሽምብራ አስገቡ። ካርቶኑን አንሡና ‹ሽምብራው የት ነው?› በሉ። ይገምታል። ‹ሳታየው ታውቃለህ ወይስ እየገመትህ ነው? እንዲህ ሲሆን «አይታወቅም» ይባላል፤ ልክ የሆነ መልስ ነው› ብላችሁ አስረዱት። ቀጥሎ እያየ አስገቡና ጠይቁት፤ አሁን ‹ይታወቃል›። ይህ ልምምድ ነው፤ ነጥብ የለውም። በውጭ አገር የሚያድግ ልጅ ከሆነ ቃሉን በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ቢለውም ተቀበሉት፤ የምንለካው አማርኛውን አይደለም።

ቀጥሎ የአይጡ ቤት። ሐሳቡ ቢያቴ ሶዲያን፣ ዲቦራ ዛይቺክና ሱዛን ኬሪ በ1991 ካወጡት ጥናት ነው፤ እኔ ከማውቃቸው ለዚህ ዕድሜ ከተሠሩት ሁሉ ምርጡ ነው እላለሁ። ሁለት የጫማ ካርቶን ያዙ። በአንዱ ጎን 8 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው 3 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ቅደዱ። ከካርቶን ሁለት አይጥ ቁረጡ፤ አንዱ በሁለቱም ቀዳዳ የሚገባ፣ ሌላው በትልቁ ብቻ። ልጁ በእጁ አስገብቶ ይሞክር፤ ‹ትልቅ አይጥ በዚህ አይገባም› የሚለውን እናንተ ከመንገር እሱ ቢያየው ይሻላል። ከዚያ አይጦቹን አንሡና እንዲህ በሉ፦ ‹በዚህ ቤት ማታ ማታ አንድ አይጥ ይመጣል፤ አንድም ቀን አይቀርም። ትልቅ አይጥ ይሁን ትንሽ አይጥ ማንም አላየም። ትልቅ ወይም ትንሽ መሆኑን ለማወቅ ዳቦውን የትኛው ሳጥን ውስጥ እናስቀምጥ?›

መልሱ ባለ ትንሿ ቀዳዳ ነው። ዳቦው ካደረ አይጡ ትልቅ ነው፤ ከተበላ ትንሽ ነው። ትልቁ ቀዳዳ ጋ ከሆነ ግን ሁለቱም ሊበሉት ስለሚችሉ ምንም አንማርም።

ይህች ጥያቄ ብቻዋን አትበቃም። ሁለተኛዋ እንዲህ ትላለች፦ ‹አሁን ደግሞ ማወቁን ትተነዋል። አይጡ ትልቅም ይሁን ትንሽ ዳቦውን እንዲበላ ነው የምንፈልገው። የትኛው ውስጥ እናስቀምጥ?› መልሷ ባለ ትልቁ ቀዳዳ ነው። ለሁለቱም ጥያቄ ትልቁን የመረጠ ልጅ ‹ለማወቅ› እና ‹እንዲሆን ለማድረግ› የሚሉትን ገና አልለየም፤ አይጡ ዳቦውን ቢያገኝለት ደስ ይለዋል። ለሁለቱም ትንሿን የመረጠ ደግሞ ትንሿን የወደዳት ለሌላ ምክንያት ነው። ሁለቱን ለይቶ የመለሰ ነው ነገሩ የገባው። ሦስተኛዋ፦ ‹ዳቦው ትልቁ ቀዳዳ ጋ ነበር፤ ጠዋት ተበልቶ ተገኘ። አይጡ ትልቅ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ወይስ አይታወቅም?› እዚህ ላይ የሲኒው ልምምድ ዋጋ ያወጣል።

አማርኛ እዚህ አንድ ወጥመድ አለው። ትንሽ ነገርን በአንስታይ ጾታ መጥራት ልማዳችን ነው፤ ‹አይጧ በላችው› ያለ ጠያቂ ትንሽ መሆኗን ሳያውቀው ተናገረ ማለት ነው። ‹አይጡ በላው› ደግሞ ከሱ አንጻር ትልቅ ይመስላል። ከመነሻው ‹ትልቅ አይጥ›፣ ‹ትንሽ አይጥ› ብላችሁ ሁለቱንም በተባዕት አስተዋውቁ፤ እስከ መጨረሻው እዚያው ላይ ጽኑ። ‹ትልቁ› ሲባል ‹ታላቁ› ብሎ የሚሰማ ልጅም ስላለ፣ ዕድሜ የሚያስመስል ‹አባትዬው›፣ ‹ልጅዬው› የሚል ጨዋታ አትጨምሩ።

ነጥቡ ከምርጫው ይልቅ ምክንያቱ ላይ ነው። ለመጀመሪያዋ ጥያቄ ትልቁን ለመረጠ 0። ትንሿን መርጦ ‹ደስ ስለሚል› ወይም ‹ትንሽ ስለሆነ› ላለ 1። ‹ትልቅ ከሆነ አይገባም፣ ትንሽ ከሆነ ይበላዋል› ብሎ ሁለቱንም ዕድል ላነሳ 2። ‹ትልቁ እዚህ አይገባም› ብሎ ያቆመ ልጅ መሐል ላይ ያስቸግራል፤ ‹እና ጠዋት ምን እናያለን?› ብላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ቀጥሉት፤ ከመለሰ 2፣ ካልመለሰ 1። አልፎ አልፎ ‹ምናልባት ያን ቀን አይጡ አልመጣ ይሆናል› የሚል ይገኛል። ታሪኩ ውስጥ ‹አንድም ቀን አይቀርም› ያልነው ይህን ለመዝጋት ነበር፤ ቢሆንም ሙሉ ነጥብ ስጡት፤ ቃል በቃልም ጻፉለት።

ሦስተኛው ሥራ የብይ ቁልቁለት ነው። ዠ ቼንና ዴቪድ ክላር በ1999 ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ልጆች ጋር ከሠሩበት ዓይነት ነው። ሁለት ጣውላ፣ እያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት፤ ከሌለ ወፍራም ካርቶን ድርብ ተጣብቆ ይሆናል። ሦስት የሚለወጥ ነገር አለ፦ የጫፉ ከፍታ (በደብተር ቁልል 10 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር)፣ የላዩ ገጽ (ባዶ ጣውላ ወይም ፎጣ የለበሰ)፣ ብዩ (ትልቅ ወይም ትንሽ)። ከጣውላዎቹ እግር ሥር ጆንያ አንጥፉ፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ ብይ ግድግዳ እስኪመታ አይቆምም፤ ርቀቱም አይለካም።

ልጁን ‹ከፍታው ብዩን አርቆ ይወስደው እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን፤ ሁለቱን ጣውላዎች አዘጋጅ› በሉት። ትክክለኛው ዝግጅት ከፍታው ብቻ የሚለያይበት ነው፤ ገጹም ብዩም አንድ። ሁለቴ ስለ ከፍታ፣ ሁለቴ ስለ ገጽ፤ በድምሩ 4 ነጥብ። ልጁ ዝም ብሎ ቢያዘጋጅ በአንዱ ሙከራ የማግኘት ዕድሉ ከ8 አንድ ነው፤ አራቱንም በግምት መምታት የማይታሰብ ነው። በአይጡ ሁለት ጥያቄዎች ግን ከ4 አንዱ በግምት ይወጣዋል። ምክንያቱን የምንጠይቀው ለዚህም ነው።

ስሕተቱ ሁለት መልክ አለው፤ አንድ ላይ አትደምሯቸው። አንዱ ልጅ ሁሉንም ይለውጣል፦ በአንድ በኩል ከፍ ያለ፣ ባዶ፣ ትልቅ ብይ፤ በሌላው ዝቅ ያለ፣ ፎጣ የለበሰ፣ ትንሽ ብይ። ይህ ልጅ አሸናፊ እየሠራ ነው፤ ልዩነቱ እንዲጎላ ፈልጓል። ሌላው ሁለቱንም ፍጹም አንድ ያደርጋል። እሱ ያሰበው ውድድር ነው፤ በሠፈር ጨዋታ ‹እኩል ካልሆነ ማጭበርበር ነው›። ጠያቂው ‹ፍትሐዊ ሙከራ ሥራ› ወይም ‹እኩል ይሁን› ካለ ይህን ስሕተት ራሱ ፈጠረው ማለት ነው፤ ሁለቱም ቃላት ከጥያቄው ይውጡ።

ብዩ የሚለቀቀው ዝግጅቱ ወረቀት ላይ ከተመዘገበ በኋላ ብቻ ነው። ቀድሞ ከተለቀቀ ልጁ ውጤቱን አይቶ ‹ይኸው፣ ልክ ነበርኩ› ይላል፤ በሚቀጥለውም ማሸነፍን ያሳድዳል። ሲለቀቅም በጣት አይገፋ። ማስመሪያ እንደ በር ከፊቱ ቁሞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳ።

ለምን በባቄላ ዘር አይሆንም የሚል ይኖራል፤ በየክፍሉ በጥጥ ላይ የሚበቅለው እሱ ነውና። ችግሩ ልጁ መልሱን ቀድሞ ‹ማወቁ› ነው። ‹ተክል ብርሃን ያስፈልገዋል› ብሎ ተምሯል፤ ባቄላ ግን እርጥበትና መጠነኛ ሙቀት ካገኘ ጨለማ ሳጥን ውስጥም ይበቅላል። አስተሳሰቡ ልክ የሆነ ልጅ ከመጽሐፉ ጋር ሲጋጭ የቱን እንደለካን አናውቅም። ስኳር በሙቅ ሻይ መሟሟቱም ያው ነው፦ ከቤት የታወቀ ስለሆነ ሙከራው ቢበላሽም መልሱ ልክ ይሆናል።

አራተኛው ሥራ የዶሮዎች ካርድ ነው፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። ቀይ ጥሬ የበሉ 4 ዶሮዎች፣ ሰማያዊ ጥሬ የበሉ 4 ዶሮዎች፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር ነጭ ወይም ዥንጉርጉር እንቁላል ተስሏል። ቀለሙ የሐሰት የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ስለ በቆሎና ስንዴ ሁሉም አስተያየት አለው። ዥንጉርጉር የጣሉት፣ ቀይ የበሉት ከሰማያዊ ከበሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ መጀመሪያ 4 ለ 0፣ ቀጥሎ 3 ለ 1፣ ከዚያ 2 ለ 2 ናቸው። ጥያቄው ‹እንቁላሉን ዥንጉርጉር የሚያደርገው ጥሬ አለ? የትኛው ነው?› ነው። 2 ለ 2 ላይ ‹የለም› ያለ ልጅ ማስረጃውን አንብቧል። ለሦስተኛ ክፍል አንድ ጨምሩ፦ ቀይ የበሉ 8፣ ከነሱ 4ቱ ዥንጉርጉር የጣሉ፤ ሰማያዊ የበሉ 4፣ ከነሱ 3ቱ። ዥንጉርጉሩን ብቻ የቆጠረ ቀይ ይላል። ከስንቱ ስንቱ ብሎ ያሰበ ሰማያዊ ይላል። ለአንደኛ ክፍል ይህን አታቅርቡ፤ ልጁን ከማድከም በቀር ምንም አይነግራችሁም።

ሥዕልና ወረቀት ብቻ ይዞ ክፍሉን በአንድ ላይ መፈተንም ይቻላል። ጥያቄው ቃሉ ሳይለወጥ ሁለቴ በድምፅ ይነበባል፣ ልጁ ሥዕል ላይ ያከብባል፤ ንባብ ያልተካነ ልጅ በንባቡ እንዳይወድቅ ማለት ነው። ግን የጎረቤትን ወረቀት ማየት አለ፣ ምክንያት መስማትም የለም። 50 ልጅ ላለበት ክፍል እኔ ሌላ መንገድ እመርጣለሁ። ሁሉንም በተናጠል መፈተን 750 ደቂቃ፣ ማለትም 12 ሰዓት ተኩል ይበላል። ዓላማው ክፍሉ የት እንደደረሰ ማወቅ ከሆነ ግን ከስም ዝርዝሩ በየ6ኛው መውሰድ ይበቃል፤ መነሻው ከ1 እስከ 6 በዕጣ ይውጣ። 8 ወይም 9 ልጅ ይደርሳል፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ቢበዛ ነው። ልጆቹን መምህሩ ‹እስቲ አንተ፣ አንቺ› እያለ ከመረጠ የሚመጡት እጃቸውን የሚያወጡት ናቸው። በዚህ ናሙና ለአንድ ልጅ የሰርተፊኬት ነጥብ መስጠት ግን አይገባም።

የተፈተነው ልጅ ወደ ክፍል ሳይሆን ወደ ሜዳ ይውጣ፤ ‹ትንሿን ቀዳዳ በል› የሚለው ወሬ በአምስት ደቂቃ ክፍሉን ያዳርሳል። ስምና ክፍል ብቻ ሳይሆን ዕድሜም ይመዝገብ፤ አንደኛ ክፍል ውስጥ የ7 እና የ10 ዓመት ልጅ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። መልሱን ‹ገብቶታል› ብላችሁ አታጠቃልሉ፤ የልጁን ቃል እንዳለ ጻፉት። ከዚያ 10 ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ለየብቻ ነጥብ ይስጥ። ከ10ሩ በ9ኙ ካልተስማሙ ጥፋቱ የነጥብ መመሪያው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የ1 እና የ2 ድንበር ላይ ነው የሚፈርሰው።

የመጨረሻው ሥራ የክብሪት ቀፎ ነው። ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ፤ የደከመን ልጅ ያነቃዋል። ሦስት ባዶ ቀፎ፤ አንዱ ውስጥ ሽምብራ፣ አንዱ ውስጥ ሳንቲም፣ አንዱ ውስጥ ጥጥ፤ ሁሉም በፕላስተር የታሸጉ። ልጁ ይነቀንቃል፣ ያዘነብላል። ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ምን ሰማህ? ምን ሊሆን ይችላል? ምን ሊሆን አይችልም? ‹ይንከባለላል› ምልከታ ነው፤ ‹ሽምብራ ነው› ግምት ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ‹ሽምብራ ሰማሁ› ያለ ልጅ ሁለቱን አልለየም። ‹ጥጥ ሊሆን አይችልም፤ ጥጥ አይንኳኳም› ያለ ደግሞ በማስረጃ ተጠቅሞ አንዱን ግምት አስወግዷል፤ 2 ነጥብ። የጥጡ ቀፎ ላይ ‹ባዶ ነው› የሚሉ ይበዛሉ፤ ‹ባዶ ወይም ለስላሳ ነገር› ያለውን ለዩት።

ልጁ በመጨረሻ ‹ክፈተው!› ማለቱ አይቀርም። የቀኑ የመጨረሻ ልጅ እስኪወጣ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ሥራው ለቀሪዎቹ አለቀ። ይልቅ ሌላ ባዶ ቀፎና አንድ እፍኝ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጥጥና ሳንቲም ስጡት፤ ‹ከዚያኛው ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥ ሥራ› በሉት። ቀጣዩ ልጅ እስኪገባ ድረስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይነቀንቃል።